እጄ ግን እዚህ ነው

አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ስደውልላቸው ሁሌም አንድ ነገር ይሉኛል። «አንቺ ደግሞ ምን አለብሽ! ጣና ዳር ነው የምትኖሪው።» የመንገድ ጭንቅንቅ የለ፣ ዘንባባው አለ፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ወክ ይደረጋል። ይሄ ሁሉ ያለው ሰው ምን ጎድሎት ይጨነቃል ነው ነገሩ።

እውነታቸውን ነው፣ ባሕር ዳር ታምራለች። ግን ሰው ጣና ዳር እየኖረ ጣናን ሳያይ ሊውል ይችላል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ባጃጁ ሐይቁ በሚታይበት መንገድ ነው የሚያልፈው። ውሃው እዚያው አለ። እኔ የለሁም። ልቤ የቤት ኪራዩ ላይ ነው። ወይ ደግሞ ትናንት አንድ ሰው የተናገረኝን ይዤ «እንዲህ ብዬ መልሼለት ቢሆን» እያልኩ ያለቀውን ክርክር እንደ አዲስ እጀምራለሁ። ቢሮ ስደርስ «ዛሬ ጣና እንዴት ዋለ?» ብባል የምናገረው የለኝም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝ እና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ለመለካት ሞክረው ነበር። 2,250 ሰዎች በስልካቸው ተሳተፉ። ስልኩ በቀን ውስጥ ድንገት እየጠራ ይጠይቃቸዋል። አሁን ምን እየሠራህ ነው? የምታስበው ስለምትሠራው ነገር ነው ወይስ ስለ ሌላ? ምን ይሰማሃል? መልሱ ሲሰበሰብ ሰዎቹ 47 በመቶ በሚጠጋው ጊዜ ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልባቸው ሲሄድ ደግሞ ደስታቸው ይቀንሳል። ደስ የሚል ነገር እያሰቡ እንኳ ቢሆን፣ ቀልባቸው በእጃቸው ባለው ነገር ላይ ከነበረበት ጊዜ የበለጠ ደስታ አላገኙም።

እኔን የገረመኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለ ችግር ማውጠንጠን እንደሚያደክም ማንም ያውቀዋል። ስለ ሰርግ፣ ስለ ዲቪ፣ ስለሚሠራው ቤት ማለምም ከያዝነው ነገር የተሻለ ደስታ እንደማይሰጥ ግን ጠርጥሬ አላውቅም።

ጥፋቱን ስልክ ላይ መጣል ይቀለናል። በ2015 ዓ.ም ክረምት ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ቴሌግራም የለም፣ ቲክቶክ የለም፣ ፌስቡክ የለም። ስልኬ እንደ ድሮው ለመደወያ ብቻ ሆነ። ስልክ ነው ቀልባችንን የወሰደው ከተባለ፣ ያን ጊዜ ቀልቤ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ወሬ ሲጠፋ ወሬውን ራሴ እፈጥረው ጀመር። ደሴ ያለው ወንድሜ ስልክ ካላነሣ፣ ቡና ቀርቦ ሳይጠጣ እኔ በሐሳቤ ለቅሶ ቤት ደርሻለሁ። ጣቴ ስክሮል ማድረጉን ሲያቆም አእምሮዬ ቀጠለበት።

ዳታ መቋረጡ ጠቀመን ማለቴ አይደለም። ስንቱ ሥራው ቆሟል፣ ስንቱ ከቤተሰቡ ተቆራርጧል። ለእኔ ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ስልክ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አይጀምረውም። ከስልክ በፊትም ሰው በሐሳብ ይነጉድ ነበር። እናቶቻችን «ቀልብሽን ሰብስቢ» እያሉ የሚቆጡን እኮ ስማርት ፎን በሌለበት ዘመን ነው።

ዳታው ሲመለስ ዩቲዩብ ላይ ማይንድፉልነስ የሚሉትን ነገር፣ ቀልብን አሁን በሚሆነው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ፣ መከታተል ጀመርኩ። ብዙዎቹ ቪዲዮዎች አጀማመራቸው አንድ ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ በረጅሙ ተንፍሺ፣ አእምሮሽን እንደ ረጋ ሐይቅ አድርጊው። ሐይቅ ዳር ላለ ሰው ይሄ ምክር ይቸግራል። ጣና አይረጋማ! ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን የትም ቦታ ቢለካ ከ15 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ሰፍቶ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው እስከ ታች ይናወጣል። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለላቸውን ይዘው ሲገቡበት መልኩም ይደፈርሳል። ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ በጠዋት ይወጣሉ። ጣናን «ለምን አልረጋህም?» የሚለው የለም። የእኔም አእምሮ ሐይቅ ከሆነ፣ የሚመስለው ይሄንኛውን ነው።

ቆየት ብዬ ሳነብ፣ ይሄን ልምምድ ወደ ሆስፒታል ያስገባው ሰው «አእምሮህን አጥራ» እንዳላለ አወቅሁ። ጆን ካባት-ዚን ይባላል፤ የተማረው ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ነው። ከቡድሂስት መምህራን የተማረውን ማሰላሰል ከሃይማኖቱ ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሥልጠናው 8 ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ሠልጣኞቹ ሲታከሙ ቆይተው ሕመማቸው ያለቀቃቸው ሰዎች ነበሩ። ሕመማችሁን እርሱት አላላቸውም። ሲመጣ እዩት፣ ሳትሸሹት፣ ሳትጨምሩበት እዩት ነው ያላቸው። ሐሳብ መሄዱ አይቀርም። መሄዱን አውቀሽ ስትመለሺ፣ ልምምዱ ያ መመለስ ነው። ይሄን ሳነብ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደልኝ።

በዚያ ሥልጠና ውስጥ አንዲት ዘቢብ በዝግታ መብላት አለ። እኔ ቤት የነበረው ቆሎ ነው። አንዲት ሽምብራ አነሣሁ። ለወትሮው ቆሎን በእፍኝ ነው ወደ አፌ የምጥለው። ይቺን ግን መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። በአንድ ጎኗ ጠቁራለች፣ በሌላው ጎኗ ቡናማ ናት። ልጣጩ እንደ መሰንጠቅ ብሏል። ጫፏ ላይ እንደ አፍንጫ የሾለች ነገር አለች። ምላሴ ላይ ሳደርጋት መጀመሪያ የመጣው ጨው ነው። ከዚያ ምንም። ከዚያ ስነክሳት ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፣ ዱቄቱም ቀስ ብሎ ጣፈጠ። የሽምብራ ቆሎ ጣፋጭ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። የበላሁት አንዲት ፍሬ ነው፣ ያጠገበኝ ግን አንድ ሣህን የበላሁ ያህል ነው።

ቁጭ ብሎ ትንፋሽ መከታተሉ ግን እምብዛም አልሆነልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የጎረቤት ቴሌቪዥን ይመጣል፣ አውራ ዶሮ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ነገ ይመጣል። የሆነልኝ ሌላ መንገድ ነው። እሱንም ያሳዩኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው።

ወይጦ ናቸው። የወይጦ ሰዎች ከጣና ጋር ከጥንት ጀምሮ የኖሩ፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ከሚባል ረጅም ተክል ታንኳ መሥራትን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉ ናቸው። አዛውንቱ ታጭዶ ፀሐይ የመታውን ደንገል ጎናቸው ከምረው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። አንድ እፍኝ ያነሣሉ፣ ጫፍና ጫፉን በመዳፋቸው እየመቱ ያስተካክላሉ። የተቀጨውን ይጥላሉ። እፍኙን ከቀደመው አጠገብ ያስተኙና በጉልበታቸው ይጫኑታል። ከዚያ ልጡን በሥሩ አሾልከው በሁለት እጃቸው ይስቡታል። ሲስቡ ደንገሉ ሲጥጥ ይላል። ያን ድምፅ ሲሰሙ ነው የሚቋጥሩት። ድምፁ ካልመጣ ፈተው እንደገና ያስራሉ። አንዱን ቋጠሮ ከሌላው አስበልጠው ሲቸኩሉበት አላየሁም።

ብዙ ቆሜ ሳያቸው ቆየሁና ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ይሄን ሲሠሩ ምን ያስባሉ?»

«ምን አስባለሁ፤ የዱቄቱን ዋጋ አስባለሁ። የልጄን ነገር አስባለሁ። ሐሳቡማ መች ይቀራል ልጄ።» ጉልበታቸውን ደንገሉ ላይ ተጭነው ልጡን ሳቡት። «እጄ ግን እዚህ ነው። እጄ ከሄደ ታንኳው ውሃ ላይ ይፈታል።»

እኔ ስጠብቅ የነበረው ሌላ መልስ ነው። «ምንም አላስብም» እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። እሳቸው የተናገሩት ግን ከሰማኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ በለጠብኝ። ሐሳቡ ይሂድ፣ ቀልብ የሚመለስበት ቤት ይኑረው ነው ነገሩ። የእሳቸው ቤት እጃቸው ነው።

ታንኳው ዕድሜው አጭር ነው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ይመታል። እንዲህም ተይዞ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብስና ሌላ ይሠራል። ከዘጌ ልሳነ ምድር እንጨት ጭነው እየቀዘፉ የሚመጡት ሰዎች ሕይወታቸውን የሚጥሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ የላላ ቋጠሮ ሰው ያሰጥማል። የሚበሰብስ ነገር ነው ብለው ግን አልተውትም። የሚበሰብሰውን ነገር እንደዚያ አጥብቀው ሲያስሩ ማየቴ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እኚህን አባት የሰላም ምሳሌ አድርጌ አስጊጬ ላቀርባቸው አልፈልግም። ኑሯቸው ከባድ ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰና እየታጠረ ደንገሉ ከዓመት ዓመት እየራቃቸው ነው። የወይጦ ማኅበረሰብ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሲናቅ የኖረ ነው፤ ይሄን ባሕር ዳር ያለን ሁላችን እናውቃለን። እኔ ከሳቸው የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፣ የእጁን ነገር።

ከዚያ ወዲህ እኔም በእጄ ጀመርኩ። ምስር መልቀም ጥሩ ነው። ሰፌዱ ላይ ትበትኚዋለሽ፣ በጣትሽ ወደ አንድ ጎን እየገፋሽ ታያለሽ። ጠጠሩ ከምስሩ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል። ልብሽ ከሄደ ያመልጥሽና እራት ላይ ጥርስሽ ያገኘዋል። ስለዚህ ልብ ይሄዳል፣ ጣት ይጠራዋል። ዕቃ ማጠብም እንደዚያው ነው፤ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ሣሙናው ያዳልጣል፣ የብርጭቆው ጠርዝ ይሰማሻል። እነዚህ እኮ «ቶሎ ጨርሼ ላርፍ» የምላቸው ሥራዎች ነበሩ። አሁን ዕረፍቱን እዚያው ሥራው ውስጥ የማገኝበት ቀን አለ። የማላገኝበትም ቀን አለ።

ይሄን ካየሁ በኋላ ዘጌ ሄጄ ነበር። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ስለሚገባ እኛ ሴቶች ብዙ ጊዜ የምንሳለመው እሱን ነው። ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት እሱን ከጀልባ ላይ ነው የምንሳለመው። ዘጌ ላይ ከጀልባው ወርደሽ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ትወጫለሽ። ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ መሬቱ አይታረስም። የአካባቢው ሰው ይሄን ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር አያይዞ ይነግርሻል። ጫካው እስካሁን የቆመውም በዚሁ ነው።

እንግዳው ሁሉ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ቀና ብሎ ሲያይ፣ አንዲት እናት ቅጥሩ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። አውራ ጣታቸው አንዷን ፍሬ ትገፋለች፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቀጣዩዋን ትገፋለች። 41 ጊዜ እግዚኦታ ሲደርስ ልብ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጣት ፍሬዋ ላይ ስለሆነ ግን ይመለሳል። ሙስሊም ጎረቤቴም ከሰላት በኋላ 33 ጊዜ ሱብሃነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ ስትል በጣቷ አንጓ ነው የምትቆጥረው።

ጸሎትና ማይንድፉልነስ አንድ ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። የሚጸልይ ሰው የሚያናግረው አለው። ትንፋሹን የሚያዳምጥ ሰው ማንንም ላያናግር ይችላል። ሁለቱን ማደበላለቅ ለሁለቱም አይሆንም። ግን ጣት ቀልብን እንደሚጠራ አያቶቻችን ከማንም ሳይማሩ ያውቁ ነበር፣ በዚህ እኮራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላስጠነቀቀኝም። ቀልብ ሲሰበሰብ የሚታየው የሚያምረው ብቻ አይደለም። ስልኬን ቤት ትቼ ሐይቁ ዳር መሄድ ስጀምር ፔሊካኖቹን አየሁ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አየሁ። አብሮ ግን ዳሩን የሞላውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አየሁ። እንቦጭ የሚሉትን አረምም አየሁ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 ሰውና ተፈጥሮ ተጠብቀው አብረው የሚኖሩበት ቦታ (ባዮስፌር) ተብሎ በዩኔስኮ የተመዘገበ ሐይቅ ነው። እንቦጩ የታየበት ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። ሰው በፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ሥሩ ግን የአሳውን መራቢያ ይዘጋል፣ የገበሬውን የከብት ውሃ ይዘጋል። አሁን ላይ መኖር ለእኔ ይሄንንም ሳይሸሹ ማየትን ይጨምራል። ውስጣዊ ሰላም ብለው ደስ የማይለውን ሁሉ ከዓይናቸው የሚያርቁ ሰዎችን ልቤ አይቀበላቸውም።

ከዚህ የከበደውን ጥያቄ አንዲት ዘመዴ ጠይቃኛለች። «አሁን ላይ ኑሪ የምትይኝ፣ አሁኑ ራሱ ክፉ ከሆነስ?» ያለፉት ዓመታት ለክልላችን ክፉ ነበሩ። ተኩስ እየተሰማ ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ። የዚያን ሰዓት ሰው ትንፋሹን ቢቆጥር ጥይቱ አይቆምም። ለዘመዴ የነገርኳት እኔ ጋ የሆነውን ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ልጄን አቅፌ ወለል ላይ ተኝቼ፣ የሚሰማኝን ነገር አንድ በአንድ ለራሴ እጠራ ጀመር። ወለሉ ይቀዘቅዛል። የልጄ ፀጉር ቅባት ቅባት ይላል። ውሻ ይጮኻል። ሩቅ ነው። አሁን ቆመ። ልጄ እየተነፈሰች ነው። ፍርሃቱ አልሄደም። ግን በዚያ ሰዓት የነበረው ፍርሃት ብቻ ሆነ። ገና ያልመጣው ነገና የነገ ወዲያ አልተደመረበትም። ያ ቀርቶልኝ ነጋ።

ለሁሉም ሰው ይሠራል ብዬ ግን አልናገርም። ከባድ ነገር ያየ፣ የተደበደበ፣ ሰው ሲሞት የተመለከተ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰውነቱን ሲያዳምጥ ያው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰውም የሚያስፈልገው ምስር መልቀም አይደለም። ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ሐኪም ያናግር። ነውር የለበትም። በጠበልና በሐኪም መካከል ምረጥ ያለውም የለም፣ ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከእኔ አልፎ ቢሮ ገብቷል። በፍልሰታ ጾም ጊዜ እኔና አብረን የምንበላው ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ስልክ ላለመንካት ተስማማን። ሐሳቡን ያመጣችው ታናሽ ባልደረባችን ናት። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ከብዶን ሽሮው ላይ ዓይናችንን ተክለን በላን። ስልክ ሲጠፋ እጅ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋል። በኋላ ወሬ መጣ፣ ከወሬው ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ።

አንዱ ባልደረባችን ሁልጊዜ እንጀራውን በትንሹ እየቆረሰ፣ ብዙም ሳይበላ የሚነሣ ሰው ነው። አንድ ቀን ከፊቴ ተቀምጦ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቁራሹን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» አልኩት።

ልጁ ከታመመ ሰንብቷል። ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። ሚስቱ እዚያ ናት፣ እሱ ሥራ እንዳይቀር ብሎ እዚህ ነው። ለማንም አልተናገረም። የሚጠይቀውም አልነበረም፤ ሁላችንም ምሳ ላይ አንገታችንን ደፍተን ነበርና። ያን ቀን እንባው ሽሮው ላይ ጠብ ሲል ማናችንም ስለ ሥራ አላወራንም።

በማግስቱ ገንዘብ አዋጣን። አለቃችንም ፈቃድ ሰጠው። ቅዳሜ በጠዋት በሚወጣው ሚኒባስ ሦስታችን ጎንደር ሄደን ልጁን እንጠይቃለን፤ ታናሿ ባልደረባችን ድፎ ዳቦ ልትደፋ ዱቄቱን ገዝታለች።